የየራሳችሁን ኩባያ ይዛችሁ ኑ

ታደለች ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ ቦዲቲ ላይ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። «ማን አየ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ባለባጃጁ ዞር ብሎ አየኝ። ሰው ሞተ ሲባል «ማን አየ?» ይባላል? እሷ ናት ያስለመደችኝ። ደዋዩ፣ የድሮ ባልደረባችን፣ «ጋሽ ጴጥሮስ፣ እኔው ነኝ ያየሁት፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል ልቧ ቆመ» አለኝና አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ደህና አድርጌ ነው የተናደድኩት! ያቺ ሴትዮ ከዳይሬክተር ጋር፣ ከሽማግሌ ጋር፣ ከሐኪም ጋር ስትከራከር የኖረች፣ ለሞት ዝም ብላ እሺ ትለዋለች ብዬ ማመን አቃተኝ።

ከንዴቱ ቀጥሎ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። «ይቺ ሴት ስትሞት ከዚህ ሰፈር ለቀብሯ አንድ ሰው ቢወጣ!» ተብሎ ሲማልባት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የማሉት የሰፈሯ ሴቶች ናቸው፣ በገዛ እናቷ አጥር ሥር ቆመው። እኛ አገር ከዚህ የከፋ እርግማን የለም። ደኽይ ቢሉህ ሠርተህ ታገኛለህ፤ ታመም ቢሉህ ትድናለህ። ቀባሪ አይኑርህ ከተባልክ ግን ምን ብለህ ትመልሳለህ? እሷ መለሰች። «እኔ ከሞትኩ በኋላ ማን መጣ ማን ቀረ ብዬ አልቆጥርም። እናንተ ብቻ በሕይወት ቆዩልኝ!» ብላ በሩን ጠረቀመችባቸው።

«ወደ መናኸሪያ አዙረው» አልኩት ባለባጃጁን። ሶዶ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ሳስብ የሄድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ይመጣ ይሆን?

ታደለችን የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ሶዶ ውስጥ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። እኔ ጡረታ ወጥቼ ወደ ቦዲቲ እስክመለስ ድረስ አጠገቧ ካለው ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ድምጿ ደግሞ ስስ አልነበረም። እኔ ተረትና ምሳሌ ሳስጽፍ የሷ ተማሪዎች የልብን ክፍሎች በዜማ ሲያነበንቡ ይሰማኛል፤ የኔዎቹም አብረው ያነበንባሉ። ጠመኔዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትረሳዋለች፤ ቅዳሜ ገበያም እንደዚያው ትወጣ ነበር። የማይጥማት ወሬ ስትሰማ ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗ ከተጨፈነ አለቀልህ።

አንድ ቀን አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ነጭ ሽንኩርት ወባ ይገድላል» ሲላት ሰማሁ። «ማን ላይ ታየ?» አለችው። «አያቴ ላይ።» «አያትህ ሽንኩርቱን ብቻ ነው የበሉት ወይስ ኪኒንም ወስደዋል?» «ኪኒንም ወስደዋል።» «እንግዲያው ኪኒኑን ምነው ረሳኸው? ሐሜት ብቻ ነው እንዴ የሚከፋፈለው? ምስጋናም ይከፋፈላል!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የኔም ክፍል ሳቀ፤ እኔም ጠመኔዬን አስቀምጬ ሳቅኩ።

ኮሮና የመጣ ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በየስልኩ አንድ የድምፅ መልእክት ይዞር ጀመር። አንድ ድምፀ ጎርናና ሰው «አረንጓዴ ሻይ ጠጡ፣ በውስጡ ያለው ነገር ቫይረሱን ድራሹን ያጠፋዋል» ይላል። በማግስቱ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ሱቅ እንኳ የአረንጓዴ ሻይ ካርቶን አልተገኘም። ድሮ አቧራ ጠጥቶ የሚቀመጥ ነገር! እኔም ፈልጌ አጣሁና ተናድጄ መምህራን ክፍል ገባሁ። ታደለች የማስተርስ ትምህርቷን ስትማር የሻይ ቅጠልን ነገር ማጥናቷን ስለማውቅ እሷኑ ጠየቅኋት።

«ውሸት ነው አይደል?»

«ውሸት ቢሆንማ ምን ነበረበት!» አለች። «ችግሩ እውነት አለበት። ሻዩ ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ምላስህን አንቆ የሚይዝህ ምሬት ከነሱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሳህን ላይ፣ ቫይረስና ሕዋስ ባለበት ብትጨምራቸው ቫይረሱ ላይ ይጣበቃሉ። ሕዋሱ ውስጥ እንዳይገባ ያውኩታል። አንድ ዓይነት ቫይረስ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ዓይነት ላይ ታይቷል። ሳህን ላይ።»

«ሰው ላይስ?»

«ሰው ሳህን ነው እንዴ፣ ጋሽ ጴጥሮስ? ሰው ጨጓራ አለው፣ አንጀት አለው፣ ጉበት አለው። ከጠጣኸው ውስጥ ደምህ ጋ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ሰው ላይ የተሞከረው ጥቂት ነው፤ አንዱ ጠቀመ ይላል፣ ሌላው ለውጥ የለውም ይላል። ይጠቅም ይሆናል። አላውቅም።» ይቺን «አላውቅም» እንደሌላው ሰው አንገቷን ደፍታ አትላትም። ጠረጴዛ መትታ ነው የምትላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሰው ላይ ነው ሳህን ላይ?» የአፏ ማሟሻ ሆነ። ዳይሬክተሩ የደመወዝ ጭማሪ ይመጣል ሲል «ሰው ላይ ነው ሳህን ላይ?» እኔ ሲጋራ ተውኩ ስል «ሰው ላይ ነው ሳህን ላይ?» ሳህን ላይ ነበር፤ በማግስቱ አጨስኩ።

ነገሩ ሻይ ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር። አልቀረም። የኛ ሰው ካርቶኑን ሲያጣ ቁጭ ብሎ አሰበ። አረንጓዴ ሻይ ምንድን ነው? ቅጠል። ቅጠል ደግሞ ከኛ በላይ ማን ጠጥቶ ያውቃል? ወላይታ የቡና ቅጠል ይጠጣል፤ ሃይታ ቱኬ ይባላል። ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከቃሪያ ጋር በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በማሰሮ ይፈላና ጨው ጣል ተደርጎበት ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ይጠጣል። «ፈረንጅ ዛሬ የደረሰበትን እኛ ከጥንት ጀምረን እንጠጣለን!» ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አያችሁ ግን፣ ሃይታ ቱኬ ብቻህን አትጠጣውም። ብቻውን የጠጣ ሰው ሰስቷል ወይም ከጎረቤት ተጣልቷል ይባላል። ማሰሮው ከወረደ ጎረቤት ይጠራል፤ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቅል በሁሉም እጅ ይዞራል። መንግሥት ተራራቁ ባለ ቁጥር ሕዝቡ መድኃኒቱን ሊጠጣ ይሰበሰባል። በፊት አንዴ ይፈላ የነበረው ጠዋትና ከሰዓት ሆነ። በፊት የማይመጣው ሁሉ መጣ። በሽታን ለመሸሽ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን ከአንድ ቅል ጠጣን። እንዲህ ያለ ስህተት ከኛ በቀር ማን ይሳሳታል?

በዚያ ሰፈር ማሰሮው የሚጣደው የታደለች እናት እማማ አማረች ቤት ነበር። እማማ አማረች አስም አለባቸው፤ ብርድ ሲሆን ደረታቸው እንደ አሮጌ በር ሲያንቋርር ከውጭ ይሰማል። ታደለች የቀራት ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቤቱ ጢም ብሏል። ብርሃኔ የምትባለው ጎረቤታቸው፣ ሰፈሩን በምላሷ የምታስተዳድር ሴት፣ ሳል እያጣደፋት ከቅሉ ፉት አለችና ለእማማ አማረች አቀበለቻቸው። እማማ አማረች እጃቸውን ዘረጉ። ታደለች ቅሉን ከመሃል ነጥቃ እደጅ ደፋችው።

ደፋችው! እንግዳ ፊት፣ እናቷ እጅ ሊገባ የነበረውን!

«ሁላችሁም ወደየቤታችሁ» አለች። ብርሃኔ ተነሳች። «ልጆቻችንን ቅጠሉ ቫይረስ ይገድላል ብለሽ ያስተማርሽ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» «ሳህን ላይ አልኩ እንጂ እናቴ ላይ አላልኩም!» እኔ ለትምህርት ጉዳይ አብሬያት መጥቼ በር ላይ ቆሜ ነበርና ያ መሐላ ሲወርድ የሰማሁት ያኔ ነው። ሴቶቹ ወጥተው ከአጥሩ ሥር ቆመው አንድ በአንድ ማሉ። እሷም ያልኳችሁን መልሳ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጦርነት ከናቷ ጋር ነበር። እማማ አማረች ምግብ አልበላም አሉ። ማሰሮው ቢቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ብቻዬን የምጠጣ እኔ ከብት ነኝ?» አሉ። አማርኛቸው ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፤ እኔ የአማርኛ መምህሩ አንድ ቀን አላረምኳቸውም። «አንተ ልጅ ሰው አሳጣኸኝ! እኔ በአስም ብሞት ሰው ይቀብረኛል፤ አሁን ግን በማን ልቀበር ነው?» ታደለች ያን ቀን ስትነግረኝ ድምጿ ተሰበረ። ያችን ሴት ፈርታ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። «ጋሽ ጴጥሮስ፣ ከበሽታው ላተርፋት ብዬ በቁሟ ልገድላት ነው መሰለኝ» አለችኝ።

«ታዲያ በሩን ክፈቺዋ» አልኳት።

«አልከፍትም» አለች። ቀጥላም፣ «ግን ከአጥሩ ውጭ መጠጣት ይቻላል» አለች።

በማግስቱ ከሰዓት፣ በተለመደው ሰዓት፣ ማሰሮውን ተሸክማ ወጥታ ከደጃቸው ባለው አቮካዶ ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። ለናቷ ወንበር ከማሰሮው ራቅ አድርጋ አኖረችላቸው። ከዚያ የጎረቤቱን ስም በየተራ እየጠራች ጮኸች፦ «ሃይታ ቱኬ ደርሷል! ተራርቃችሁ ተቀመጡ! የየራሳችሁን ኩባያ ይዛችሁ ኑ!»

ይቺ የመጨረሻዋ ከመሐላውም ትብሳለች። ሰው ቤት ተጠርተህ የራስህን ኩባያ ይዘህ መሄድ ማለት «ዕቃሽን ተጸይፌዋለሁ» ማለት ነው። እንግዳን ኩባያህን ይዘህ ና ማለት ደግሞ «አንተን ተጸይፌሃለሁ» ነው። እማማ አማረች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ማንም አልመጣም። ታደለች የራሷን የቆርቆሮ ጣሳ፣ ጠርዙ የተላጠውን ሰማያዊ ጣሳ ሞልታ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ብቻዋን ጠጣች። በማግስቱም እንደዚያው አደረገች። ከዚያም ወዲያ። ባለባጃጆቹ ይስቁባታል፤ ልጆቹ «የየራሳችሁን ኩባያ!» እያሉ ከኋላዋ ይጮሃሉ። እሷ ግን ግራ ዓይኗን ጨፍና ትጠጣለች።

ታዲያ በመሃል ኦቶና ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ስለ በሽታው ሊያስተምር በድምፅ ማጉያ ወደ ሰፈሩ መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ነው፤ ልጁ መጥፎ አልነበረም፣ ደክሞት ነበር። ማሰሮውን ሲያይ ሳቀና «ይኼን የባላገር ቅጠላችሁን ትታችሁ እጃችሁን ታጠቡ» አለ በማጉያው። ታደለች ጣሳዋን አስቀምጣ ተነሳች።

«እጅ መታጠቡ ልክ ነው ዶክተር፤ ቅጠሉን ግን አትንካብን» አለችው። «ያድናል ያለ ውሸቱን ነው፤ ሰው ላይ አላየውም። አያድንም ያልከውስ አንተ የት አየኸው? ይኼ የሻይ ቅጠል እንኳ አይደለም፣ የቡና ነው፤ ማንም ደህና አድርጎ አልመረመረውም። አላውቅም በል! አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። ሰው ጠልቶ የተናገረውን ማን ይሰማል?»

ልጁ ማጉያውን አወረደ። «አላውቅም» አለ፤ ፈገግም አለ። ከዚያ እሷ ውኃ እያፈሰሰች፣ እሱ ሳሙና ይዞ አብረው ስለ እጅ መታጠብ አስተማሩ። ሴቶቹ በየአጥራቸው ስንጥቅ እያዩ ነበር። የናቀቻቸው መስሏቸው የነበረችው ሴት ለቅጠላቸው ስትሟገትለት ሰሙ።

በማግስቱ ከሰዓት ብርሃኔ ከቤቷ ወጣች። ኩባያ አልያዘችም። ሰርግ ቤት ውኃ የሚቀዳበት ትልቅ ቢጫ ጆግ ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ሙሽራ እየተንጎማለለች መጣች። «የራስሽን አምጪ አላልሽም? አምጥቻለሁ! ሙዪው!» አለች። ልታሳፍራት ነው። ታደለች ግን ማሰሮውን አንስታ አንጠፍጥፋ ጆጉ ውስጥ ገለበጠችው፤ ከዚያ «ጎደለብሽ፣ ሌላ ላፍላ?» አለቻት። መጀመሪያ የሳቁት እማማ አማረች ናቸው። ሳቃቸው በአስም ተቆራርጦ፣ እየሳሉ፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ብርሃኔም ልትቆጣ ሞክራ አቃታት።

ከዚያ ወዲያ ፉክክር ሆነ። አንዷ የቴርሞስ ክዳን ይዛ መጣች፤ አንዷ የልጇን ጡጦ። ሰፈሩ በመራራቅ ተቀምጦ፣ በመንገዱ ወዲህና ወዲያ እየተጯጯኸ ጠጣ። ሐሜት በጩኸት ሲሆን ደግሞ ምን ያህል እንደሚጥም! እማማ አማረች ያንን ዘመን በሕይወት ተሻገሩት። ብርሃኔ «ቅጠሉ ነው ያዳናቸው» ትላለች። ሐኪሙ ኩባያውና ሳሙናው ነው ባይ ነው። እማማ አማረች እግዚአብሔር ነው ይላሉ። ታደለችን ብትጠይቋት ጠረጴዛ መትታ «አላውቅም!» ትላችሁ ነበር።

እንግዲህ ይቺን ሴት ልቀብር ነበር የምሄደው። ከመናኸሪያው ወርጄ ወደ ሰፈሩ ስጠጋ መንገዱ ተዘግቷል። ባጃጅ አያልፍም። ተማሪዎቿ፣ የተማሪዎቿ ወላጆች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች፤ ከፊት ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች። ሣጥኑን ተከትላ ደረቷን እየመታች የምታስለቅሰው ማን መሰላችሁ? ብርሃኔ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ከቀብር መልስ አቮካዶው ሥር ተቀመጥን። ብርሃኔ አጠገብ ሆኜ አላስቻለኝም። «ምላችሁ አልነበር?» አልኳት።

«ማልን እንጂ!» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «እሷ መቼ የኛን ቃል ሰምታ ታውቃለች? ታዲያ እኛ ለምን ብለን እንሰማዋለን?»

ማሰሮው መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ሁሉም ከጉያቸው ኩባያ አወጡ። በሽታው ከተረሳ ቆይቷል፤ ተራራቁ የሚል የለም፤ ማንም አምጡ አላላቸውም። የቴርሞስ ክዳኗም ነበረች። ብርሃኔ ቢጫውን ጆግ ከወንበሯ ሥር ሳበችው። እኔ ብቻ ባዶ እጄን ነበርኩ፤ ቦዲቲ ሆኜ ይኼ ነገር ልማድ ሆኖ መቅረቱን በምን ልወቅ?

እማማ አማረች አዩኝ። ገቡና ሰማያዊውን ጣሳ ይዘው ወጡ። ለእኔ ሊሞሉልኝ ማሰሮውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ጣሳውን በነጠላቸው ጠረጉት፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት።

«አይሆንም» አሉኝ። «ይኼ የሱ ነው። ይቆጣል። ሂጂ፣ የራስሽን ኩባያ ይዘሽ ነይ።»

ተነሳሁ። የተዋስኩትን የልቅሶ ነጠላ እንደለበስኩ ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቼ ተመለስኩ። እማማ አማረች እስከ አፉ ሞሉልኝ። ስጎነጨው አቃጠለኝ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ቃሪያው ነው» አልኩ።

ብርሃኔ ጆጓን አስቀመጠች። ግራ ዓይኗን ጨፍና አየችኝና፣ «ሰው ላይ ነው ሳህን ላይ?» አለችኝ።

«ሰው ላይ ነው» አልኳት።